ስለ አክሱም መንግሥት መነሣትና መድከም

ነቢዩ ዳንኤል ለናቡከደነፆር የፈታለት ሕልም በትርጓሜ ቤት ላደገ ሰው ኹሉ የታወቀ ነው። ራሱ የወርቅ፥ ደረቱ የብር፥ ሆዱ የናስ፥ ባቱ የብረት፥ እግሩም ከሸክላ የተቀላቀለ ብረት የኾነው ያ ምስል የአራት መንግሥታት ምሳሌ ነው ብለው መምህራን ባቢሎንን፥ ፋርስን፥ ጽርእን፥ ሮምን ይቈጥራሉ። ከዚያ ብዙ መቶ ዓመት በኋላ ደግሞ በፋርስ አገር ማኒ የሚባል ሰው ተነሣ። ትምህርቱ በቤተ ክርስቲያን የተወገዘ ነው፤ ነገር ግን ደቀ መዛሙርቱ ከአፉ ሰማን ብለው በጻፉት መጽሐፍ የዘመኑን አራት ታላላቅ መንግሥታት ቈጥሯል። አንደኛው የባቢሎንና የፋርስ፥ ኹለተኛው የሮም፥ ሦስተኛው የአክሱም፥ አራተኛው ሲሊስ የተባለው ነው፤ ይህን የመጨረሻውን ሊቃውንት የቻይና መንግሥት ሳይኾን አይቀርም ይሉታል። ማኒ የሞተው ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ270ዎቹ ዓመታት ነው። የአክሱም ገባር አልነበረም፥ ንጉሧንም የሚያወድስበት ምክንያት አልነበረውም፤ ስለዚህ ምስክርነቱ የባዕድ ምስክርነት ነው፤ የባዕድ ምስክርነትም በዳኛ ፊት ከዘመድ ምስክርነት ይልቅ ይታመናል። (ከዚህ በታች የሚነገሩት የጥንት ዓመታት በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው፤ ዓ.ም. የሚል ያለባቸው ብቻ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።)

እንግዲህ ከዓለም አራት መንግሥታት አንዱ የነበረው እንዴት አለፈ ተብሎ ሲጠየቅ፥ በኢትዮጵያ የሚሰጠው መልስ ባንድ ስም ያልቃል፤ ዮዲት ጉዲት መጣች፥ አክሱምን አቃጠለች፥ ነገሥታቱን ፈጀች ይባላል። ነገሩ ከመሠረቱ ሐሰት አይደለም፤ ወደ ኋላ እንደሚታየው የጽሑፍ ምስክር አለው። ነገር ግን ያ እሳት በተነሣ ጊዜ አክሱም የቀድሞዋ አክሱም አልነበረችም። ውስጡን ምስጥ የበላውን ዋርካ ነፋስ ቢጥለው፥ ጥፋቱ ኹሉ የነፋስ ነው አይባልም። ጥፋትን ኹሉ ባንድ ሰው ላይ መጫን ለተናጋሪ ይቀላል፥ ለአድማጭም ይጥማል፤ ታሪክን ግን ያደኸያል፤ የምስጡንም ሥራ ይሸፍናል።

አክሱም የተተከለችበት ስፍራ ለንግድ የተመቸ ነው። ከተማዪቱ ከባሕር በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ደጋ ላይ ናት፤ ከወዲያ ተከዜና የዓባይ አገር፥ ከወዲህ ቀይ ባሕር አለ። የዝኆን ጥርስና ወርቅ ካንዱ ወገን፥ ጨርቅና ብርጭቆ ከሌላው ወገን ሲመጣ የሚገናኙት በርሷ ላይ ነው። በ1ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አንድ የጽርእ ነጋዴ የቀይ ባሕርንና የሕንድን ባሕር ወደቦች እየቈጠረ መጽሐፍ ጽፏል፤ የራሱን ስም ግን አልተወም። ይህ ሰው ስለ አዱሊስ ወደብ ሲናገር፥ ከዚያ እስከ አክሱም የ8 ቀን መንገድ መኾኑን፥ ከዓባይ ማዶ የሚመጣው የዝኆን ጥርስም ኹሉ በአክሱም እንደሚሰበሰብ ይነግራል። የዚያን አገር ገዢ ዞስካሌስንም ለሀብቱ ሥሡ፥ በቀረው ነገር ግን ጨዋ፥ የጽርእንም ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው ነው ይለዋል። ነጋዴ ስለ ንጉሥ ሲጽፍ አስቀድሞ የሚያየው እጁ መዘርጋቱን ወይም መጨበጡን ነው።

የ8 ቀን መንገድ ምን ማለት እንደ ኾነ በአቃቂና በቃሊቲ የሚኖር ሰው ብዙ ሳይነገረው ይገባዋል። ከጅቡቲ የሚመጣው ጭነት ወደ አዲስ አበባ የሚገባው በዚያ በኩል ነው፤ የምድር ባቡርም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው በአቃቂ አልፎ ነው። ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የራሷ ወደብ ስለሌላት፥ በቃሊቲ ጉምሩክ የሚቆም ዕቃ ኹሉ የሰው አገር ወደብ ኪራይ በዋጋው ላይ ተጨምሮበት ይቆማል። ለአክሱም ነገሥታት ግን ወደቡም መንገዱም በአንድ እጅ ነበር። የኀይላቸው ምስጢር ከሰይፋቸው ይልቅ በዚህ ነው።

ወርቁም ቢኾን በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም። በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አዱሊስን ያየው ኮስማስ የሚባለው የእስክንድርያ ሰው፥ የአክሱም ንጉሥ በየኹለት ዓመቱ በአገው ገዢ በኩል ወደ ሳሱ ምድር ነጋዴዎች ይልክ እንደ ነበረ ጽፏል። ከንጉሡ ሰዎች ጋራ ሌሎችም ተጨምረው 500 ወይም ከዚያ የሚበልጡ ነጋዴዎች በሬ፥ አሞሌ ጨውና ብረት ይዘው ይወርዳሉ። በዚያም የእሾኽ አጥር ሠርተው በሬውን ያርዱና ሥጋውን፥ ጨውንና ብረቱን በእሾኹ ላይ ያኖራሉ። ባላገሮቹ መጥተው እንደ ሽንብራ ያለ የወርቅ ፍሬ በወደዱት ዕቃ ላይ አኑረው ይርቃሉ፤ ባለዕቃው ወርቁ ከበቃው ያነሣዋል፥ ካልበቃውም ይተወዋል፤ ባላገሩም ወይ ይጨምራል ወይ ወርቁን ይወስዳል። የኹለቱ ቋንቋ አንድ ስላልኾነ አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ይገበያያሉ። መንገዱ ደርሶ መልስ 6 ወር ይፈጃል፤ ሲሄዱ በከብቱ ምክንያት በዝግታ፥ ሲመለሱ ግን ክረምትና ሙላት እንዳይዛቸው በፍጥነት ነው። ያንን ሥጋ የሚያጅብ ጦር፥ ያንን መንገድ የሚጠብቅ ሹም፥ ያንን ወርቅ የሚቀበል ግምጃ ቤት ያለው መንግሥት ምን ያህል ሥርዐት እንደ ነበረው ከዚህ መገመት ይቻላል። መንገዱ በተቈረጠ ጊዜም ምን እንደሚቀር እንዲሁ ይገመታል።

ከዚያ ወርቅ በ270 ገደማ ንጉሥ እንዱቢስ የራሱን ገንዘብ አስመታ። በዚያ ዘመን በስሙ የወርቅ ገንዘብ የሚያስመታ ንጉሥ በዓለም ላይ ጥቂት ነበረ። የአክሱም ገንዘብ ወርቅ፥ ብርና ናስ ነው፤ የወርቁ ጽሕፈት በጽርእ ቋንቋ ነበረ፥ ምክንያቱም ከባሕር ማዶ ላለው ነጋዴ ነውና፤ ለአገር ገበያ በሚኾነው በብሩና በናሱ ላይ ግን ከጊዜ በኋላ ግእዝ ገባ። በንጉሡ ራስ ግራና ቀኝ ኹለት የእህል ዛላ ተቀርጿል። ከብሩና ከናሱም ባንዳንዱ ላይ በመስቀሉ ወይም በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወርቅ ተቀብቷል፤ እንዲህ ያለ ሥራ በሮምም በፋርስም ገንዘብ አልተለመደም። የቅኔ ተማሪ ቢያየው ሰሙ ናስ፥ ወርቁም ወርቅ ነው ሳይል አይቀርም። ያ ገንዘብ ግን ከጌጥ በላይ ምስክር ነው፤ ዜና መዋዕል ያልተጻፈለትን የመንግሥቱን ጤና የሚናገረው እርሱ ነውና። የእንዱቢስ የወርቅ ገንዘብ 2.7 ግራም ያህል ይመዝናል። በ4ኛው መቶ ዓመት የሮም ቄሣር ቈስጠንጢኖስ የገንዘቡን ሚዛን በለወጠ ጊዜ የአክሱምም ወደ 1.6 ግራም ያህል ወረደ፤ ይህ ግን ከገበያው ጋራ ለመስማማት የተደረገ እንጂ የድካም ምልክት አልነበረም። የድካሙ ምልክት ቈይቶ መጣ።

ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው መቶ ዓመት በነገሠ ጊዜ ሥልጣኑ ምን ይመስል እንደ ነበረ ራሱ በድንጋይ ላይ አስጽፏል። የቤጃ ሰዎች ባመፁ ጊዜ ወንድሞቹን ልኮ አስገበራቸው፤ 6 ነገሥታታቸውንም ከሕዝባቸው ጋራ፥ በጠቅላላው 4,400 ነፍስ፥ ከአገራቸው አንሥቶ በሌላ ምድር አሰፈራቸው። በመንገድ ሳሉ በየቀኑ 22,000 እንጀራ ይሰጣቸው ነበረ ይላል ጽሕፈቱ፤ ይህም ለነፍስ ወከፍ 5 መኾኑ ነው። ስለ ጦርነት የሚጽፉ ነገሥታት ብዙዎች ናቸው፤ የምርኮኛን እንጀራ ቈጥሮ በድንጋይ ያስጻፈ ግን ጥቂት ነው። ያን ጽሕፈት በግእዝ፥ በሳባ ፊደልና በጽርእ አስቀረጸው፤ የግእዝ ፊደልም ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ድምፆች ይዞ የተገኘው በርሱ ዘመን ነው። ማዕርጉን ሲቈጥር የአክሱም፥ የሕምያር፥ የረይዳን፥ የሐበሻ፥ የሳባ፥ የሰልሔን፥ የፅያሞ፥ የቤጃና የካሱ ንጉሥ፥ ንጉሠ ነገሥት ይላል። ከነዚህም ሕምያርና ሳባ ከባሕር ማዶ ያሉ ናቸው፤ የአክሱም ጦር በ3ኛው መቶ ዓመት ይዟቸው ነበረ እንጂ በዒዛና ዘመን የራሳቸው ንጉሥ ነበራቸው። የማዕርግ ስም ከግዛት ይልቅ ረዥም ዕድሜ አለው።

በዚሁ ንጉሥ ዘመን ፍሬምናጦስ፥ ማለት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፥ ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ከአትናቴዎስ ጵጵስና ተቀብሎ መጣ፤ በገንዘቡ ላይ የነበሩት ጨረቃና ፀሐይ ወጥተው መስቀል ገባ። በ356 ገደማ የሮም ቄሣር ቈስጠንጥዮስ ለዒዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፥ ፍሬምናጦስ ተመልሶ በአርዮሳውያኑ ጳጳስ ፊት እንዲመረመር ጠየቀ። ደብዳቤውን አትናቴዎስ በመጽሐፉ አኑሮታል። ዓለምን የሚገዛው ቄሣር የአክሱምን ነገሥታት ወንድሞቼ ብሎ መጥራቱ፥ የጠየቀውም ነገር አለመፈጸሙ፥ የማኒን አቈጣጠር ያጸናል።

በዚያው ዘመን ገደማ ሐውልቶቹ ቆሙ። ድንጋዩ ከከተማው በስተምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቀው ከጎቦድራ ተፈልጦ የመጣ ነው። ሳይወድቅ ከጥንት ጀምሮ ቆሞ የኖረው ታላቁ ሐውልት 21 ሜትር ያህል ነው፤ ወድቆ የተሰበረው ግን 33 ሜትር፥ ክብደቱም 520 ቶን ያህል ነው። ሊቃውንት እንደሚሉት ይህ ሐውልት ሲያቆሙት ወይም ከቆመ ጥቂት ቈይቶ ወድቋል፤ ከርሱም በኋላ የሚያህለው አልተሠራም። ይህን የመንግሥቱ መውደቅ መጀመሪያ አድርገው የሚተርኩ አሉ፤ ነገር ግን ልክ አይመስልም፤ የአክሱም ትልቁ የባሕር ዘመቻ ከዚያ በኋላ ገና 150 ዓመት ይቀረው ነበረና።

ያም ዘመቻ የንጉሥ ካሌብ ነው። በ523 የሕምያር ንጉሥ ዮሴፍ፥ በዐረብ ዘንድ ዙ ኑዋስ የሚባለው፥ የናግራንን ክርስቲያኖች ፈጀ፤ ወሬውም ወደ አክሱም፥ ወደ እስክንድርያና ወደ ቍስጥንጥንያ ደረሰ። ካሌብ ወደ አባ ጰንጠሌዎን ሄዶ ጸሎት እንደ ለመነ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ይነገራል። በ525 ባሕሩን ተሻግሮ ድል አደረገ። ይህ በስንክሳር የታወቀ ስለ ኾነ ብዙ መናገር አያሻም፤ ልብ ሊባል የሚገባው ግን መርከቡ ነው። የናግራንን ሰማዕታት ታሪክ የጻፈው የጽርእ ሰው መርከቦቹን ከየት እንደ መጡ ሲቈጥር፥ ከቀልዝም፥ ከአይላ፥ ከፈረሳን ደሴቶች፥ ከሕንድም ጭምር የመጡ 60 ያህል የነጋዴ መርከቦች እንደ ነበሩ ይነግራል። ካሌብ የሠራቸው ከነዚህ በጣም ያነሱ ነበሩ። ባሕርን በተሰበሰበ የንግድ መርከብ መሻገር ይቻላል፤ ባሕርን መግዛት ግን ሌላ ነገር ነው።

ይህም ወዲያው ታየ። ካሌብ በየመን የሾመው ሰው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተሻረና አብርሃ ነገሠ፤ ጵሮቆጵዮስ የሚባለው የሮም ታሪክ ጸሐፊ እንደሚለው፥ አብርሃ ቀድሞ በአዱሊስ የሚነግድ የአንድ ሮማዊ ባሪያ ነበረ። ካሌብ 3,000 ሰው ሰደደበት፤ ወታደሮቹ አገሩን ወደው አለቃቸውን ገደሉና ለአብርሃ አደሩ። ኹለተኛም ጦር ሰደደ፤ እርሱም ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ካሌብ ዝም አለ፤ በትውፊት እንደሚነገረው ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ መነኰሰ። አብርሃ በ540ዎቹ ዓመታት የማሪብን ግድብ ባደሰ ጊዜ ባስጻፈው ጽሕፈት፥ ወደርሱ የመጡትን መልክተኞች ሲቈጥር የአክሱም ንጉሥ መልክተኛና የሮም ቄሣር መልክተኛ፥ ከዚያም የፋርስ መልክተኛ ይላል። የአክሱም ስም በመጀመሪያ መጠራቱ ክብር ነው፤ ትናንት ገዢ የነበረው ዛሬ እንደ እንግዳ መልክተኛ መላኩን ግን ክብሩ አይሸፍነውም።

በዚያው ጊዜ፥ በ531 ገደማ፥ ቄሣር ዮስጢንያኖስ ወደ አክሱም መልክተኛ ልኮ፥ ሐሩን ከሕንድ ገዝታችሁ ለሮም ብትሸጡልን እናንተ ትከብራላችሁ፥ እኛም ለጠላታችን ለፋርስ ገንዘብ ከመስጠት እንድናለን አለ። የአክሱም ንጉሥ እሺ አለ፤ ነገሩ ግን አልተፈጸመም። ጵሮቆጵዮስ ምክንያቱን ሲናገር፥ የፋርስ ነጋዴዎች ለሕንድ ቅርብ ስለ ኾኑ የሕንድ መርከቦች መጀመሪያ በሚደርሱበት ወደብ እየጠበቁ ሸቀጡን ኹሉ ይገዙት ነበረ ይላል። የመንግሥቱ ወሰን በዚህ ታወቀ። ንጉሡ በቃሉ ቢስማማም በሩቅ ወደብ ያለው ነጋዴ ቀድሞት ነበረ።

ከዚህ በኋላ መከራው ተከታተለ። በ541 በግብፅ የጀመረው ታላቅ ቸነፈር የሮምን አገር ፈጀ፤ ኤዋግርዮስ የሚባለው ጸሐፊ ከኢትዮጵያ ተነሣ ይባላል ብሎ ጽፏል፤ ይህ እውነት ቢኾንም ባይኾንም የአዱሊስ ደንበኞች በዚያ ቸነፈር መመናመናቸው አያጠራጥርም። በ570 ገደማ ፋርስ የመንን ያዘች። በ614 ፋርሶች ኢየሩሳሌምን፥ በ619ም እስክንድርያን ያዙ፤ አክሱም የምትሸጥበት ገበያ ኹሉ የጦር ሜዳ ኾነ። የገንዘቡ ምስክርነት እዚህ ላይ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና ከዚያ በኋላ የተመታው ወርቅ ብዙ ብር ተቀላቅሎበት ይገኛል። ከመጨረሻዎቹ አንዱ የኾነው የንጉሥ አርማሕ ገንዘብ ብርና ናስ ነው፤ የርሱ የወርቅ ገንዘብ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ከጥቂት ጊዜም በኋላ ገንዘብ መምታት ቀረ። ዳንኤል ባየው ምስል ወርቁ ከላይ፥ ናሱ ከታች ነበረ፤ የአክሱምም ግምጃ ቤት እንዲሁ ከራስ ወደ እግር ወረደ።

የእስልምና መነሣት አክሱምን ገደለ የሚሉም አሉ፤ ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ እስላሞች በ615 ከመካ ሸሽተው የተጠለሉት በአክሱም ንጉሥ ዘንድ ነው፤ የዐረብ መጻሕፍትም ነጃሺን እስከ ዛሬ ያመሰግኑታል። የጐዳው ጦር ሳይኾን የመንገድ መለወጥ ነው። ዐረቦች በ642 ግብፅን ከያዙ በኋላ ቀይ ባሕር የሮም ንግድ መተላለፊያ መኾኑ ቀረ፤ በ702 የዳህላክን ደሴቶች ያዙ፤ በ762 ባግዳድ ስትቈረቈርም የሕንድ ሸቀጥ ወደ ፋርስ ባሕር ዞረ። አዱሊስ በአሸዋ ተሸፈነች።

አንድ ሌላ ምክንያት ደግሞ አለ፥ እርሱም ከእግር በታች ነው። የአክሱምን አፈር የመረመሩ ሊቃውንት፥ ከብዙ መቶ ዓመት እርሻ በኋላ ከተራራው የታጠበ አፈር በሸለቆው ተከምሮ የጥንቱን ቤቶች እንደ ቀበረ አይተዋል። ብረት ለማቅለጥ፥ ሸክላ ለመተኰስ፥ ያን ኹሉ ቤት ለመሥራት፥ ለምድጃም ዛፍ ተቈርጧል፤ ዝናሙም ከ8ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ሳይቀንስ አልቀረም ይላሉ። በ531 ገደማ የዮስጢንያኖስ መልክተኛ ኖኖሶስ ከአዱሊስ ወደ አክሱም ሲወጣ፥ በመንገዱ እኩሌታ ላይ አውዌ በምትባል ስፍራ 5,000 ያህል ዝኆኖች ሲሰማሩ አየሁ ብሏል። ዛሬ በዚያ ደጋ አንድ ዝኆን የለም፤ ዝኆን የሚሰማራበት ዱርም የለም። ጥርሱ ተሸጠ፥ ዱሩ ከሰለ፥ አፈሩ ወደ ተከዜ ወረደ። በንጉሡ ራስ ግራና ቀኝ የተቀረጸው የእህል ዛላ መቀረጹ እስኪቀር ድረስ አልጠወለገም፤ በእርሻው ላይ ያለው ግን ቀድሞ ጠውልጎ ነበረ።

ስለዚህ በ9ኛውና በ10ኛው መቶ ዓመት የጻፉት ዐረቦች የሐበሻን ንጉሥ ከተማ ኩዕባር ይሏታል እንጂ አክሱም አይሏትም። በአክሱም በወደቀ የዙፋን ድንጋይ ላይም ዘመኑን ያልተናገረ ዳንኤል የሚባል ሰው፥ ንጉሥ ሳይል ሐፃኒ ብሎ፥ የአክሱምን ንጉሥ እንዳስገበረ አስጽፏል፤ ዐፄ የሚለው ማዕርግ ከዚህ ቃል እንደ መጣ ሊቃውንት ይናገራሉ። ነገሥታት ስማቸውን በሦስት ፊደል ያስጻፉበት ከተማ፥ በሌላ ሰው የድል ጽሕፈት ውስጥ ተሸናፊ ኾና ተገኘች።

ንግሥቲቱ የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው። በእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ እንደ ተጻፈ፥ በፓትርያርክ ፊላታዎስ ዘመን፥ ማለት ከ979 እስከ 1003 ባለው ጊዜ፥ የኢትዮጵያ ንጉሥ ለኖባው ንጉሥ ለጊዮርጊስ ደብዳቤ ጽፎ፥ አንዲት ንግሥት ከተሞችንና አብያተ ክርስቲያናትን እንዳቃጠለች፥ እርሱንም ከስፍራ ወደ ስፍራ እንዳሳደደችው ነግሮ፥ ጳጳስ እንዲላክለት አማላጅ አድርጎታል። ፓትርያርኩም አባ ዳንኤልን ሾሞ ላከ። ዐረባዊው ኢብን ሐውቀልም በዚያው ዘመን፥ የሐበሻን ንጉሥ የገደለች ሴት 30 ዓመት ያህል እንደ ነገሠች ጽፏል። እንግዲህ የትውፊቱ ንግሥት በእውነት ነበረች። ነገር ግን ወርቁ ከቆመ ከ300 ዓመት በላይ፥ ባሕሩ ከጠፋ ከ250 ዓመት በላይ ኾኖት ነበረ። በደብዳቤው ያለው ንጉሥ የሚለምነው መርከብ ወይም የጦር ርዳታ ሳይኾን ጳጳስ መኾኑ ብቻ የነገሩን መጠን ያሳያል።

የፋርስ መንግሥት በ651 በመጨረሻው ንጉሥ ሞት ባንድ ጊዜ አለቀ፤ የምዕራብ ሮም መጨረሻም 476 ተብሎ ይቈጠራል። ለአክሱም ግን እንዲህ ያለ ዓመት ፈልጎ የሚያገኝ የለም፤ መንግሥቱ ወደ ደቡብ እየሸሸ፥ በላስታ በዛጔዎች፥ በ1270ም በይኵኖ አምላክ እጅ ሌላ መንግሥት ኾነ። ከተማዪቱ ግን ስትደኸይም አልተረሳችም፤ ዘርዐ ያዕቆብ በ1436፥ ሠርጸ ድንግልም በ1579 ሥርዐተ ንግሣቸውን ሊፈጽሙ ወደዚያ ሄደዋል። በጽዮን ቤተ ክርስቲያን ዛሬም የሚቀደሰው በዒዛና ድንጋይ ላይ ባለው ቋንቋ ነው። በ1929 ዓ.ም. ጣልያኖች ወደ ሮም የወሰዱት 24 ሜትር የሚኾነው ሐውልት በ1997 ዓ.ም. በአውሮፕላን ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በስፍራው ቆመ።

ክረምቱ ሲወጣ በአክሱም ዙሪያ የሚያርሱ ገበሬዎች ጐርፍ ባጠበው መሬት ላይ የጥንቱን ገንዘብ ያገኛሉ። የሚያገኙት አብዛኛውን ጊዜ ናስ ነው፤ አረንጓዴ ዝገት የሸፈነው፥ ከጥፍር እምብዛም የማይበልጥ ነው። ባንዳንዱም ላይ በመስቀሉ መካከል የተቀባው ወርቅ እስካሁን አልለቀቀም።